«ቤት ቆልፈን እናስተወው?»፦ ለአንዲት እህት ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ወንድሜ 36 ዓመቱ ነው። መምህር ነበር። ጠዋት አረቄ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠመኔ መያዝ ስላቃተው ከሁለት ዓመት በፊት ሥራውን ለቀቀ። አባቴ በሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው፤ ‹አማኑኤል ገባ ከሚባል ቢሞት ይሻላል› ይላሉ። ቤተሰቡ የወሰነው ለሁለት ሳምንት ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት መጠጡን እንድናስተወው፣ ከዚያ ጸበል እንድንወስደው ነው። ጎረቤት ሳይሰማ እቤት ማስተው ይቻላል? ሰው የት ሄደ ብሎ ቢጠይቀኝስ ምን ልበል?» (ከደብረ ብርሃን)

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት በሩን አትቆልፉ። ቆልፋችሁ ከሆነም ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ክፈቱለትና ሆስፒታል ውሰዱት፤ የቀረውን እዚያ ወረፋ ስትጠብቁ ታነቢዋለሽ።

ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ፣ ጠዋት ማርከሻ ካልወሰደ እጁ የማይረጋለት ሰው መጠጡን በአንድ ቀን ሲነጠቅ ሊሞት ይችላል። ይህን የምልሽ ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው ሀራራው ሲይዘው ይደብተዋል፣ ይነጫነጫል፣ በቅዠት ይባንናል፣ እያደር ይለቀዋል። ሲጋራም ቢሆን ሲያቆሙት ያስጨንቃል እንጂ አይገድልም። እነዚህን ያየ ቤተሰብ የአልኮሉንም «ጥቂት ቀን ተሰቃይቶ ይወጣለታል» ብሎ ይገምታል። ግምቱ ክፋት የለበትም፤ ግን ስህተት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። አልኮል አንጎልን እንደ ፍሬን የሚይዝ ነገር ነው። ቀንና ሌሊት ፍሬን ሲረገጥበት የኖረ አንጎል ላለመቆም ሲል በተቃራኒው ነዳጅ አብዝቶ መስጠት ይለምዳል። ሁለቱ ተመጣጥነው ሳለ ሰውየው ደህና ይመስላል፤ ወንድምሽ አንድ መለኪያ ከቀመሰ በኋላ እጁ የሚረጋለት ለዚህ ነው እንጂ አረቄው ጉልበት ሰጥቶት አይደለም። መጠጡን በድንገት ስትነሱት ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጡ፣ ላቡ፣ ማቅለሽለሹ፣ የልብ መምታቱ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ እኛ ሐኪሞች አብዝተን የምንፈራው ነገር ሊመጣ ይችላል፦ ሰውነቱ ይግላል፣ ቀኑን ከሌሊት፣ እህቱን ከባዕድ መለየት ያቅተዋል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ ይጮኻል፣ ለማምለጥ ይታገላል። በሕክምናው ዴሊሪየም ትሬመንስ ይባላል። መጠጥ ያቆመ ሁሉ እዚህ አይደርስም። ደርሶ ሳይታከም ከቀረ ግን ከሦስት ሰው አንዱ ያህል ይሞት ነበር፤ በጊዜ ከታከሙት ውስጥ የሚሞቱት ከ100 ከ5 ያንሳሉ።

አሁን የቤተሰቡን ዕቅድ በዚህ የቀን ቆጠራ ላይ አስቀምጪው። ሰኞ ቆለፋችሁ እንበል። ማክሰኞ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ እህል አይቀምስም። ሐሙስ መጮኽና ከማይታይ ሰው ጋር ማውራት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ እቤት ያሉት ምን ይላሉ? «ይኸው ለፈለፈ፣ መንፈስ ነው።» አንጎሉ በእሳት እየነደደ ያለውን ሰው መንፈሱ ሊለቀው የተቃረበ ይመስላቸዋል። በሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ጸሎቱም ይጠነክራል። ሐኪም የሚያስፈልገው ሰዓት ሐኪም ጭራሽ የማይታሰብበት ሰዓት ይሆናል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ልብስ ሰፊ በአራተኛው ቀን ማታ በሰዎች ትከሻ ድንገተኛ ክፍል መጣ። ሙቀቱ ከ40 በላይ ነበር፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ሲታሰርበት የቆየው ገመድ እጁ ላይ ምልክት ትቷል። እናቱ «ሊለቀው ሲል ነው የሚጮኸው ብለውን ነበር» አሉኝ። ሌሊቱን አረፈ። በማግሥቱ ዕድሩ ድንኳን ተከለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። አራት ቀን ሙሉ እንዳይሰሙ በር የተዘጋባቸው ሰዎች በአምስተኛው ቀን ንፍሮ እየበሉ ተቀምጠው ነበር። ያቺን እናት ሳስታውስ ዛሬም ሆዴ ይላወሳል። ልጃቸውን የጎዱት ስለጠሉት አልነበረም። ገመናውን ሊሸፍኑለት ብለው ነው።

ስለዚህ አባትሽን አልወቅሳቸውም። አማኑኤል በአገራችን ቀዳሚው የአእምሮ ሆስፒታል ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ብቸኛው ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው እጅግ የጠናበት ሰው ብቻ ስለነበር ስሙ ከሆስፒታልነት አልፎ ስድብ ሆነ። አባትሽ የፈሩት ሕክምናውን ሳይሆን ይህን ስም ነው። በዕድር ሸንጎ ላይ ሲናገሩ ከኋላቸው የሚንሾካሾከውን፣ የአንቺን ትዳር፣ የታናናሾችሽን ዕጣ እያሰቡ ነው። ይሉኝታ በአገራችን ሰውን ከሰው አስተሳስሮ ያኖረ ነገር ነው፤ እንዲህ ባለው ጉዳይ ግን በሽተኛውን ከሐኪሙ ያለያያል። አባትሽ ራሳቸው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት ለስንት ሰው መክረውበት ይሆናል፤ ለስኳሩም ለደም ብዛቱም። ለመጠጥ ሲሆን ነው ተረቱ የሚረሳው።

የእናንተ ቤት ብቻም አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ በሶዶ ወረዳ በ1,500 ሰዎች ላይ ተጠንቶ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። የመጠጥ ችግራቸው ከበድ ካለባቸው ሰዎች ውስጥ ከ10 ከ8 በላይ የሚሆኑት በሕይወታቸው አንድም ጊዜ እርዳታ ጠይቀው አያውቁም። አብዛኞቹ ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሰድባቸው ራሳቸውን በራሳቸው የሚንቁ ነበሩ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው። ወንድምሽን «ምን ይሰማሃል?» ብለሽ ጠይቂው፤ አባትሽ ከሚሉት የከፋ ነገር ስለራሱ ሲናገር ትሰሚያለሽ። ዋጋ የለኝም ብሎ የደመደመ ሰው ካርድ ለማውጣት ጠዋት ተነስቶ አይሰለፍም። ልጆች የሚያስተምር ሰው ጠመኔ መያዝ አቅቶት ከክፍል ሲወጣ ምን እንደሚሰማው እስቲ አስቢው። ያንን ስሜት የሚያደነዝዝለት ደግሞ ያው አረቄ ነው።

የሴቶቹ ከዚህም ይብሳል። አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ እየቀመሱ የለመዱ እናቶች አሉ። አንድ ወንድ ቢጠጣ «ጠጪ ነው» ይባላል፤ እነሱ ግን «ሴት ሆና!» ይባሉና ከወንዶቹ ዓመታት ዘግይተው፣ ጉበታቸው ከተጎዳ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመጡት። እህት ወይም እናት ያላችሁ ይህን ልብ በሉ።

የሐኪም ቤቱንም ጥፋት ልደብቅሽ አልፈልግም። መድሎው በሰፈር ብቻ የሚኖር ቢሆን ኖሮ «ወደ ሐኪም ሂዱ» ማለት በበቃ ነበር። ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አረቄ አረቄ የሚሸት ሰው ራሱን ስቶ አመጡልኝ። ካርዱ ላይ «ሰክሯል» ብዬ ጻፍኩና ጥግ ላይ አስተኝቼው ወደ ሌሎቹ ሄድኩ። ከሰዓታት በኋላ አንዲት ነርስ የደሙን ስኳር ለካችው፤ እጅግ ወርዶ ነበር። እሷ ባትለካው ኖሮ እኔ በጻፍኩት አንድ ቃል ይሞት ነበር። የቃል ጉልበት የተጠናም ነገር ነው፦ በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከ500 በላይ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አንድ ዓይነት የሕመም ታሪክ ተሰጣቸው፤ ለግማሾቹ ሰውየው «አደንዛዥ ዕፅ አላግባብ ተጠቃሚ» ተብሎ ቀረበ፣ ለቀሩት «ከዕፅ ጋር የተያያዘ ሕመም ያለበት» ተባለ። ታሪኩ ያው ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ያነበቡት ሰውየው ጥፋተኛ ነው፣ መቀጣትም አለበት ወደሚለው ይበልጥ አዘነበሉ። የተማሩት ባለሙያዎች እንዲህ ከሆኑ «ሰካራም»፣ «ጫታም»፣ «ሱሰኛ» እያለ የሚያድግ ሰፈር ምን ይሆናል? እቤት «ሰካራሙ መጣ» የሚለውን ተዉት። «መጠጥ ያመመው» በሉ። እውነቱም ይኸው ነው፤ ለአልኮል ጥገኝነት ከሚያጋልጠው ነገር ግማሽ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ የመንትዮች ጥናቶች አሳይተዋል። አንዱ ወንድም ዕድሜ ልኩን በበዓል ጠላና ጠጅ ጠጥቶ ሳይያዝ ይኖራል፣ ሌላው በጥቂት ዓመት ይያዛል። ልዩነቱ የአስተዳደግ ጉድለት አይደለም።

ወደ ጸበሉ ልመለስ፤ በቤታችሁ ትልቅ ቦታ እንዳለው ከጽሑፍሽ ገብቶኛል። ጸበልን ተዉ አልልም፤ እኔም በዚያው እምነት ያደግሁ ነኝ። የምለው ቅደም ተከተሉን ለውጡ ነው። የኤች አይ ቪን ዘመን አባትሽ በደንብ ያስታውሱታል። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ማርያም ጸበል የሄዱ ብዙ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ትተው ነበር፤ በኋላ ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳተረፈ እግዚአብሔር ያውቃል። ስሙ በሹክሹክታ ይነገር የነበረው ያ በሽታ ዛሬ በየጤና ጣቢያው እንደ ማንኛውም በሽታ ይታከማል። የወንድምሽ አንጎልና ሰውነት በሕክምና ከተረጋጋ በኋላ፣ እየበላና መድኃኒቱን እየወሰደ ጸበል ቢጠመቅ እኔ ደስ ይለኛል። አሁን ግን በባዶ ሆዱ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብርድ ላይ አታቁሙት። የነፍስ አባታችሁን ጠርታችሁ ይህንኑ አማክሯቸው። አባትሽ ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? አባትሽን ሊያሳርፋቸው የሚችለው ነገር ይኸውልሽ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሕክምና አማኑኤል መሄድን አይጠይቅም። በአካባቢያችሁ ባለ ሆስፒታል፣ በውስጥ ደዌ ክፍል ከደም ግፊትና ከሳንባ ምች ታማሚዎች ጎን ተኝቶ ሊታከም ይችላል። መንቀጥቀጡንና መጣሉን የሚከላከለው ዳያዜፓም በየሆስፒታሉ ያለ መድኃኒት ነው፤ ሐኪሙ እንደ ሕመሙ መጠን ይሰጠውና በየቀኑ እየቀነሰ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል። ከዚያ ጋር ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ 1 በመርፌ ይሰጠዋል። ብዙ ጠጥቶ ጥቂት የሚበላ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበትና የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል፣ ግሉኮስ ከመንጠልጠሉ በፊት ታያሚን እንዲሰጠው አስታውሻቸው። «ይህን ሰው ነግሮኝ ነው» ብለሽ በትሕትና ብትጠይቂ የሚቆጣሽ ባለሙያ አይኖርም፤ ቢቆጣም ግድ አይስጥሽ።

እቤት ሆኖ በየቀኑ ሐኪም እያየው ማቆም የሚችል ሰው የለም አላልኩም። ጠዋት ማርከሻ የማያስፈልገው፣ ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቅ፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት፣ አጠገቡ የማይጠጣና የነቃ ሰው ያለው ከሆነ ይቻላል። ወንድምሽ ግን ከእነዚህ የመጀመሪያውን እንኳን አያልፍም።

ሆስፒታል እስክታደርሱት ድረስ በድንገት አታስቁሙት። ይህ ምክር ጆሮሽን እንደሚጎረብጠው አውቃለሁ፤ «አረቄ እየሰጠሽ ውሰጂው» የሚል ሐኪም አያጋጥምሽምና። ግን ለአንድ ሁለት ቀን የለመደውን ያህል ሳይጨምር ቢጠጣ፣ ሳይጠጣ ክፍል ውስጥ ከመታሰሩ እጅግ ያነሰ አደጋ ነው። ምግብና ውኃ አብዝታችሁ ስጡት። ዳያዜፓምን ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡት፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ እስትንፋስ ሊያቆም ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀኝን አንድ ነገርም አንቺ ሳትጠይቂኝ ልመልስ፦ ሳያውቅ በወጥ ውስጥ ጨምረን መጠጥ የሚያስጠላው መድኃኒት አለ ወይ ይላሉ። ዳይሰልፊራም የሚባል አለ፤ ሳያውቅ የወሰደ ሰው በላዩ ላይ ሲጠጣ ደም ግፊቱ ወርዶ፣ ልቡ ተዛብቶ ሊሞት ይችላል። ተስማምቶ፣ አውቆ፣ ሐኪም እያየው ካልሆነ አይሰጥም። ይህም ያው የመደበቅ ልማድ ነው፤ ከጎረቤት ደብቀን ስንጨርስ ከራሱ ከታማሚው እንደብቃለን።

ከጣለው፣ ሰውነቱ ከጋለ፣ እናንተን መለየት ካቃተው ወይም የሌለ ነገር ካየ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ያለ ሪፈር ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከእሱ ጋር የምትነጋገሪበት ሰዓት አለው። ማታ ከጠጣ በኋላ አይሆንም፤ ጠዋት እየተንቀጠቀጠ ሳለም አይሰማሽም። ማርከሻውን ወስዶ እጁ ሲረጋ፣ ቀኑ ገና ሳይጀምር፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ተናገሪው። ያጠፋውን አትቁጠሪለት፤ እሱ ከአንቺ በላይ ያውቀዋል። «እጅህ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ፤ በሽታ ነው፣ መድኃኒትም አለው፣ አብሬህ እሄዳለሁ» በይው። «እንቢ» ቢል ሁለት ቀን ጠብቀሽ ድገሚው። በመጀመሪያው ቀን እሺ ያለ ታካሚ ብዙም አላጋጠመኝም፤ በአራተኛው ጥያቄ እሺ ያሉ ግን ብዙ ናቸው። አባትሽም አንድ ቀን አብረው ቢሄዱ እንዴት በጠቀመው! አባቱ ካርድ ሲያወጣለት ያየ ሰው ስለራሱ የሚያስበው ነገር ይለወጣል።

ከሳምንቱ በኋላ ዋናው ሥራ ይጀምራል። ሰውነቱ መጠጡን ለቀቀ ማለት ልማዱ ለቀቀው ማለት አይደለም። በዚህ ጊዜ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ክትትል ያስፈልገዋል። ትላልቆቹ ሆስፒታሎች፣ በአዲስ አበባ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ፣ በክልል ጎንደርና ጅማ፣ የሥነ አእምሮ ክፍል አላቸው፤ ከእናንተ አቅራቢያ የትኛው እንደሚሻል የሚያክመው ሐኪም ሪፈር ይጽፍላችኋል። አማኑኤል ከተባለም አትሽሹ። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል፤ ለወንድምሽ ይሆኑት እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ተመልሶ ቢጠጣ ደግሞ «ይኸው፣ አላልኩም?» አትበሉ። የስኳር ታማሚ ስኳሩ ሲጨምር መድኃኒቱ ይስተካከላል እንጂ ከቤት አይባረርም።

ምስጢሩን በተመለከተ፦ ሐኪሙ፣ ነርሷም፣ ካርድ ክፍል ያለውም ሠራተኛ የሰው ሕመም የማውራት መብት የላቸውም። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችንም ያስቀጣል። ይህን ለአባትሽ ንገሪያቸው።

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን ልበል?» ላልሽው፦ «ወንድሜ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል» በይ። ውሸት የለበትም፤ ሁሉን ነገር መዘርዘርም የለብሽም። «ምን አሞት?» ካሉሽና የምታምኛቸው ሰዎች ከሆኑ «መጠጥ አሞት» በይ፤ ካላመንሻቸው «ነርቩን» ብትይ ይበቃል። እኛ ሰው ታመመ ሲባል ብርቱካንና ዳቦ አንጠልጥለን የምንሄድ ሰዎች ነን፤ በሥራ ዘመኔ ግን በመጠጥ ወደ ተኛ ሰው አልጋ ጠያቂ ሲመጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ማን እንደሚመጣ አስቀድመሽ አታውቂም፤ አብረውት ያስተማሩ መምህራን ይኖራሉ፣ ያስተማራቸው ልጆችም አድገዋል። የሚመጣ ካለ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጫጫታና ብዙ ሰው ስለሚያውከው አንድ አንድ እየሆኑ ይግቡ፤ ክፍሉ ብርሃን ይኑረው፤ ሲነቃ የት እንዳለ እንዲያውቅ ስሙን ጠርተሽ ቀኑን ንገሪው። ከአራተኛው ቀን በኋላ ምግብ ሲጀምር ሾርባ ውሰጂለት።